ቀይ ግላስ የለበሰችው ባዝራ

በቀደም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚህ ኢየሩሳሌም ባለው በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል አቋረጥኩ። ይህ መንገድ ከከተማው ጫጫታ ብዙም ሳይርቅ ሁልጊዜ የተኛ ይመስላል። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአጥሩ በላይ የዛፍ ቅርንጫፎች ዘንበል ብለው ጥላቸውን መንገዱ ላይ ይጥላሉ። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በር ዘንድ ስደርስ አንዲት እማሆይ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው አካፋ ይዘው መንገዱ መሐል አጎንብሰው አየኋቸው። ፈረሰኛ ፖሊሶች ገና አሁን አልፈው ኖሯል፤ እማሆይ ፈረሶቹ ጥለውት የሄዱትን ፋንድያ በጥንቃቄ እየዛቁ ነበር።

«ላግዝዎት እማሆይ?»

«ተዪው ልጄ፣ ልብስሽ ይበላሻል። ለጽጌረዳዬ ነው። ፖሊሶቹ በመኪና ብቻ ሲመላለሱ ከስታብኝ ነበር።» ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙና ሳቁ። «ለመኪና ምን ይደረጋል? እሱ የሚጥለው ዘይት ነው።»

ባልዲውን እስከ በሩ ድረስ ተቀብያቸው ተሸከምኩ። ሽታው ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ ግን ቆም አልኩ። የደረቀ ሣር፣ የላብ፣ የቆዳና የሞቀ ትንፋሽ ሽታ ነው። እማሆይ ባልዲያቸውን ይዘው ከገቡ በኋላ አጥሩን ተደግፌ ጥቂት ቆየሁ። እዚያው አጥር ሥር፣ ያው ድንጋይ ላይ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ቆሜ ሰው እጠብቅ ነበር።

ሃምሳን ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡት የልጆቼ እኩዮች ናቸው። መምህራችን የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ የቤት ሥራዬን ከሁሉ ቀድሜ አስረክባለሁ፣ ያልገባኝን ከክፍል ወጥቼም እጠይቃለሁ። ልጆቹ «እማማ፣ ለእኛም ትንሽ ጥያቄ ተይልን» ይሉኛል። የምማረው ሰዎች ከእንስሳት ጋር በመሆን ከሐዘንና ከጭንቀት የሚያገግሙበትን መንገድ ነው፤ በተለይም ከፈረስ ጋር። መምህራችን አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፤ ሰውየው ተሻለው ብለን ስንደሰት «ፈረሱስ ምን አገኘ?» ይሉናል። ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ያገላብጣል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሁሉ አንዲት ባዝራ ፊቴ ትመጣለች።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቂርያት መናሔም በሚባለው ሠፈር፣ ረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንፃዎች መሐል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን። ታልፒዮት ሠፈር፣ የልብስ መጋዘን ውስጥ ሚሽመሬት የሚሉትን የፈረቃ ሥራ እየሠራሁ ነበር፤ አንድ ሳምንት የጠዋት ተራ፣ አንድ ሳምንት የከሰዓት። ቀላል ባቡር የሚሉት ገና አልመጣም። በያፎ ጎዳና አውቶቡሶች ተደራርበው ይቆማሉ፤ ሹፌሩ ካርቲሲያችንን፣ የብዙ ጉዞ ቲኬታችንን፣ ይበሳል፤ ያቺ የተበሳሳች ወረቀት እስክታልቅ በቦርሳችን ውስጥ እንደ ወርቅ ትጠበቃለች። ከሥራ ስወጣ ማዕዘኑ ላይ በቂጣ የተሞላ ግማሽ ፈላፈል እገዛለሁ፤ ሻጩ ግማሽ ይበለው እንጂ ጎመኑንና ቃሪያውን እንደ ፈለግን እንድንጨምር ስለሚተወን ቁመቱ ከሙሉው ይበልጣል። ወገቧ ከፍ ያለ ጂንስ ሱሪ ነበረችኝ፤ እናቴ አይታት «ይህ የማን ልጅ ሱሪ ነው?» ስላለች ከሕንፃው በታች ባለው የቦምብ መጠለያ በር ላይ ቀሚሴን ከላይ ደርቤ ነበር ቤት የምገባው። ጌታሁን ከጓደኞቹ ካሴት እየተዋሰ ይገለብጣል። የክራሩ ድምፅ ከወጥ ቤት እስከ ደረጃው ይሰማል፤ ካሴቱ ብዙ ጊዜ ስለተገለበጠ ዘፋኙ ከውኃ ውስጥ የሚዘፍን ይመስል ነበር። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች። ዘፈኑ ስለ ሄደና ስላልተመለሰ ሰው መናገር ሲጀምር ግን ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ትወጣለች።

አባታችን አልተመለሰም ነበር። ከመንደራችን ወደ ሱዳን ስንወጣ እኔ የስምንት ዓመት፣ ጌታሁን የአምስት ዓመት ልጆች ነበርን። መንገዱ ሲጠና ልጆችን ሁሉ ከጠንካሮቹ ሰዎች ጋር አስቀደሙን። አባባ ሆዱን አሞት ከእናቴ ጋር ከኋላ ቀረ። የስደተኞቹ ካምፕ ከደረስን ከብዙ ቀን በኋላ እናቴ ብቻዋን መጣች። «አባባስ?» ስንላት «ከኋላ ነው፤ ይመጣል» አለችን። እንባ አላየንባትም። በዚያ ካምፕ ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደብቀን ስለነበር ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደህና ነው ብዬ አስብ ነበር። ኢየሩሳሌም ከገባንም በኋላ «መቼ ነው የሚመጣው?» እንላታለን፤ «ይመጣል» ትለናለች። ዓመቱ አልፎ ሌላ ዓመት መጣ። ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ሌሊት ሌሊት ግን ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበር የምታድረው።

እኔም በበኩሌ ፍለጋ ጀመርኩ። በፋሲካ ሰሞን ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተሳላሚዎች በኢትዮጵያ ጎዳና ይበዛሉ፤ ነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ድንጋዩን እየዳሰሱ ያልፋሉ። ሃይማኖታችን ሌላ ቢሆንም ንግግራቸው የአባቴ ንግግር ነው። አጥሩን ተደግፌ እጠብቃቸውና «አባቴን አይታችሁት ይሆን? ታከለ ይባላል። ቀጥቃጭ ነው፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም» እላቸዋለሁ። አንዱ «አገሩ እኮ ሰፊ ነው ልጄ» ይለኛል፣ ሌላዋ ትስመኛለች፣ ሌላው «ቀጥቃጭማ በየመንደሩ አለ» ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን እዚያው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት እጄን ይዘው «እናትሽ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ይመጣል ትላለች።»

«እንግዲያ ከመንገደኛ ይልቅ እሷን ደግመሽ ብትጠይቂያት ይሻላል» አሉኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀና ብላ ስታየኝ ግን ሥጋ ከየት ይገዛ እንደሁ ጠየቅኋትና ተውኩት።

ጌታሁን ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሲሄድ የእናቴ እንቅልፍ ጨርሶ ጠፋ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንደ እናቴ እንቅልፍ ያጡ የሠፈር እናቶችን ሰብስባ በሳምንት አንድ ቀን ከሕንፃዎቹ በታች፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ ወዳለ የፈረስ ጋጣ ሰደደቻቸው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጋጣው ከቆርቆሮና ከአሮጌ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን የለውዝ ዛፎች ነበሩ። ፈረሶቹን የምትጠብቀው ያኤል የምትባል፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ፊቷ በፀሐይ ጠቃጠቆ የሞላው ልጅ ናት። እናቶቹን በረድፍ ካቆመች በኋላ የምትናገረውን ቃል በቃል እተረጉማለሁ።

«ቀስ ብላችሁ ቅረቡ ትላለች። እንዳትይዟቸው። መጀመሪያ እነሱ ያሽትቷችሁ። ካልፈለጉ ተመለሱ።»

«ካልፈለጉ ተመለሱ?» አሉ እትዬ ትርንጎ፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። «ታዲያ ምን ልንሠራ መጣን? ቆመን ልንተያይ? መተያየቱንማ ከባሌ ጋር ቤቴ እጨርሰዋለሁ።»

ያኤል ምን እንዳሉ ስትጠይቀኝ «ደስ ብሏቸዋል» አልኳት።

ከፈረሶቹ ሁሉ አስቸጋሪዋ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። በዕብራይስጥ ኮኻቫ ነው የሚሏት፤ እናቶቹ ወዲያው ኮከብ አሏት። ከመምጣቷ በፊት ሠረገላ ስትጎትት ተደብድባ ኖሯል። ሰው ሲቀርባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ማንም በሌለበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ ትወዘውዛለች። የጋጣው ባለቤት፣ ለመጋለብ የሚመጡት ልጆች የማይጠጓትን ፈረስ እስከ መቼ እንደሚቀልብ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። እትዬ ትርንጎ አዩዋትና «ይቺማ የኔን ምራት ትመስላለች፤ ሰው ሲመጣ የምትሰጠው ጀርባዋን ነው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታያት ነበር። «ግቢ እንጂ እማዬ» ስላት «እኔ ፈረስ እፈራለሁ። ፈረስ የባላባት ነው» ትለኛለች። ለሳምንታት ከዚያ አጥር አላለፈችም።

ያኤል ሴቶቹን ማስደሰት ትፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያኤልን። አንድ ቀን «በእናንተ አገር ፈረስ እንዴት ነው የሚያጌጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመንደራችን የወጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ ብዙ አላስታውስም። አንድ ነገር ግን እንደ ሕልም ትዝ ይለኝ ነበር። በአባባ ትከሻ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ በመሐሉ አንድ ትልቅ ፈረስ ቀይ ግላስ፣ የጀርባ ጌጥ ልብስ፣ ለብሶ፣ በአንገቱ ቃጭል አንጠልጥሎ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ቀስ እያለ ይዞራል። ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። በእጄም የግላሱን ዘርፍ ቅርጽ አሳየኋት፤ እንዲያውም «ማንም አይቀመጥበትም፤ በልጓም ብቻ ይሳባል» ብዬ በጥንቃቄ ጨመርኩላት።

በተከታዩ ሳምንት የለውዙ ዛፍ አብቦ ነበር። ሴቶቹ አጥሩ ዘንድ ተደርድረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ እያወሩ ይጠብቃሉ። የጋጣው በር ተከፈተና ያኤል ፈገግ እያለች ወጣች። ኮከብን ትስባለች። ባዝራዋ ቀይ የሱፍ ግላስ ለብሳለች፤ ዘርፉ እስከ ሆዷ ይወርዳል፤ ያኤል ከአሮጌው ከተማ ገበያ ያመጣቻቸው ትንንሽ ቃጭሎች በአንገቷ ላይ ይንሿሿሉ። ኮርቻው ባዶ ነው።

ወሬው ተቋረጠ። ከዚያ እትዬ ትርንጎ «ወየው!» ብለው ጮኹ።

«የማን ነው? የማን ነው እሱ?»

«ማን ሞተ? ንገሩን እንጂ!»

«ልጄ ነው! የኔ ልጅ ነው! ከሰሜን መልእክት መጥቶ ነው!»

አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሌላዋ ደረቷን መታች። ለካ ያ በአባባ ትከሻ ላይ ሆኜ ያየሁት በዓል አልነበረም፤ ለቅሶ ነበር። በአገራችን ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ተሸልሞ፣ ጌታው የሚቀመጥበት ኮርቻ ባዶውን፣ በአልቃሹ መሐል ይዞራል። እናቶቹ የገባቸው ያ ነው፤ ፈረንጆቹ መርዶ ሊነግሩን ባህላችንን ተምረው መጡ ብለው። እኔም በድንጋጤ በዕብራይስጥ «ማን ሞተ?» ብዬ ያኤልን ጠየቅኋት። ፊቷ ነጣ።

«ማንም! ማንም አልሞተም! ለእነሱ ብዬ እኮ ነው ያስጌጥኳት፤ አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«ማንም አልሞተም!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። «ጌጥ ነው! ለክብራችሁ ነው!»

ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። እትዬ ትርንጎ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «እንዲህ አድርጎ ማክበር አለ? ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው። ሁለተኛ ልታከብረን ስታስብ አስቀድማ ትንገረን በያት፤ እኔ ለክብር የሚሆን ልብ የለኝም።» ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ።

እናቴ ግን አልተረጋጋችም። ቦርሳዋን ጥላለች። አጥሩን አልፋ ገብታ ነበር፤ ባዝራዋ ፊት ቆማ፣ ሁለት እጇን በገዛ ጭንቅላቷ ላይ ጭና ታለቅሳለች። ሮጬ ደረስኩባት።

«እማዬ፣ ጌታሁን ደህና ነው። ማንም አልሞተም፤ ጌጥ ነው አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ጌታሁንን አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«አባትሽን።»

መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው። አውቀው ነበር ልበል? አንድ ሰው ለዐሥራ ሦስት ዓመት ከሱዳን እንደማይመጣ ያውቃል። እኔ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ አላፊ አግዳሚውን ስጠይቅ የምፈልገው በሕይወት ያለ ሰው ነበር። አጥሩን ያዝኩ።

እናቴ ጮኸች። ዐሥራ ሦስት ዓመት የታመቀ ድምፅ ነው፤ ሸለቆው መልሶ አስተጋባው። ኮከብ በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ ገመዱን ከያኤል እጅ መንጭቃ ወደ ጥግ ሮጠች፤ ዐይኗ ነጩ ወጥቶ፣ ቆዳዋ ከአንገቷ እስከ ጭኗ ይንቀጠቀጣል። ቃጭሎቹ ሁሉ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ አየቻትና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ለባዝራዋ ተናገረች።

«አይዞሽ። አይዞሽ እናቴ። ዝግ ብዬ ነው የማለቅሰው። እኔ ዝግ ብሎ ማልቀስ እችልበታለሁ።»

ሙሾውን እንደ እሹሩሩ አድርጋ ጀመረችው። ድምፁ ከጉሮሮዋ አይወጣም፤ ከደረቷ ነው።

«እሳትህ ሳይጠፋ፣ ወናፍህ ሳይበርድ፣
እንዴት ትቀራለህ በሱዳን መንገድ?»

እያለች የታጠረውን ክብ ሜዳ ቀስ ብላ ትዞራለች። ሴቶቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሏት፤ እትዬ ትርንጎ ሳይቀሩ፤ መዳፋቸውን በመዳፋቸው ላይ በለሆሳስ እየመቱ። የባዝራዋ ጆሮዎች ወደ እናቴ ዞሩ። መንቀጥቀጡ ከጭኗ ለቀቀ፣ ከዚያ ከአንገቷ። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያም ማንም ሳይስባት፣ ገመዷ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ በእናቴ ኋላ መሄድ ጀመረች። ያኤል ልትይዛት እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ብያለሁ። የአካባቢው ባላባቶች ልጓምና እርካብ የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነበር። ሥራውን ይወስዳሉ፤ ከእጁ ግን ውኃ አይቀበሉም፣ ከደጁ አያልፉም። ፈረስ ኖሮት አያውቅም። የቀጥቃጭ ለቅሶ ላይ ፈረስ አይወጣም። እናቴ ሦስተኛውን ዙር ስትጨርስ ቆም አለችና ወደ ኋላዋ ዞረች። ባዝራዋም ቆመች። የእናቴ እጅ የባዝራዋ ግንባር ላይ ያረፈው ያኔ ነው።

«ለሰው ፈረስ ሁሉ ልጓም ቀጥቅጠህ፣
ኢየሩሳሌም ላይ ፈረስ ወጣልህ።»

ያኤል ጠጋ ብላ «ምን እያለች ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ልተረጉምላት ፈለግሁ፤ ከወራት ጀምሮ አንድም ቃል አስቀርቼባት አላውቅም። «ለአባቴ ነው» ብቻ አልኳት። ኮፍያዋን አወለቀች።

ከዚያ ወዲያ እናቴ በየሳምንቱ ከሁሉ ቀድማ ትወርድ ነበር። ብሩሹን ይዛ ኮከብን ስታበጥራት በጎኗ ተጠግታ ብዙ ነገር ታወራታለች፤ ስለ መንደሩ፣ ስለ ወናፉ፣ ስለ አባቴ ሳቅ። እኛ ያልሰማነውን ሁሉ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ባዝራዋም የእናቴን እርምጃ ከሩቅ ስትሰማ ታሽካካለች፤ እናቴ በምትመጣበት ቀን ጭንቅላቷን አትወዘውዝም። ውሎ አድሮ ልጆችም ይጠጓት ጀመር፤ ባለቤቱም ማጉረምረሙን ተወ። መምህራችን «ፈረሱስ ምን አገኘ?» ሲሉ እጄን አንሥቼ ይህን ልናገር እልና ድምፄ እንዳይሰበር እፈራለሁ። እኔ ስለ ፈረስ ልብ ብዙ አላውቅም፤ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። የማውቀው እናቴ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለራሷ ብላ እንዳልነበረ ነው። ባዝራዋ እየፈራች ነበር፤ እናቴ አየቻትና ራራችላት። ዛሬ በዚያ ሸለቆ አፋፍ ላይ አሳንሰር ያላቸው ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ከለውዞቹ አንዱ ብቻ በመኪና ማቆሚያው ጥግ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። በማግሥቱ እናቴ ለሠፈሩ ሁሉ «ለቅሶ እቀመጣለሁ» ብላ አስነገረች። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ፤ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ተባለ። የማኅበራችን ቄስ ግን «መርዶ የሚቆጠረው ከተነገረበት ቀን ነው። ልጆቹ ገና አሁን ሰሙ» አሉ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ወንበር ከየቤቱ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ከሕንፃው በታች፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሆኑ። ሞሮኳዊቷ ጎረቤታችን በሳህን የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች፤ «መቼ ነው የሞተው?» ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ይሁን፤ እንቁላሉ ትኩስ ነው» ብላ ገባች። በዚያ ሰሞን ነው እናቴ ጫማዋን አውልቃ አልጋ ላይ የተኛችው፤ እስከ ረፋድ ድረስ አልነቃችም፤ እትዬ ትርንጎ አንኳኩተው ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ መጥተዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጌታሁን ከሰሜን በፈቃድ መጣ። ማንም አልነገረውም፤ በስልክ አይነገርም ብለን ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ ከሕንፃችን በታች ወንበሮቹንና ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌዎች ሲያይ የመጣለት ነገር ግልጽ ነው። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ፣ ሻንጣው በአንድ እጁ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ!» ሲል ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«እዚህ ነኝ» አለች እናቴ ከሴቶቹ መሐል። «አለሁ። አትደንግጥ።»

«ማን ነው ታዲያ? ማን ነው የሞተው?»

«ና፣ ጫማህን ሳትፈታም ቢሆን ና። አጠገቤ ተቀመጥ። አንቺም ነይ።»

ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልን። እናቴ በመሐላችን ሆና ነገረችን። ወንዙ የደረቀበት ቦታ ላይ ነበር አለች። ትኩሳቱ ለሁለት ቀን አልለቀቀውም። መንገድ መሪው ከመንጋቱ በፊት እንዲንቀሳቀሱ እያለ ይጣደፍ ነበር። ውኃ አልነበረም። በመጨረሻ የጠየቃት ልጆቹ ጫማ አድርገው እንደሁ ነው። አድርገዋል አለችው። ለመቃብሩ ድንጋይ የሰበሰበችው ብቻዋን ነው፤ ስትጭነው ግን አንድ ሽማግሌ ጥቂት አገዟት። ጌታሁን ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ እንዳስተኛ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ ሰማት። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ የተለየውን ሰው ፊት ለማስታወስ ሲታገል ይታየኝ ነበር።

«ለምን ይመጣል አልሽን?» አላት። አልተቆጣም፤ ልክ እንደ ልጅነቱ ነው የጠየቃት። «በየዓመቱ ስንጠይቅሽ፣ ለምን ይመጣል አልሽን?»

እናቴ እጇን አንገቱ ላይ አደረገች፤ ወታደር ቤት አሳጥረው የላጩትን ጠጉሩን ወደ ላይ ደባበሰችው።

«እናንተ በር በሩን ስታዩ እኔም አብሬያችሁ አይ ነበር» አለች። «ድንጋዩን በእጄ ጭኜበት፣ ከእናንተ ጋር ስሆን ግን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ወንድሜ ያኔ ጮኾ አለቀሰ። ድምፁ በደረጃው ወርዶ ከታች ያሉት ወንዶች ዘንድ ደረሰ፤ አንዱም ዝም በል አላለውም።